የፈረደ ሁለት ሴረኖች

ፈረደ ማረው ብረት አይቶ ዝም ብሎ አያልፍም። እስራኤል አገር፣ ሃይፋ አጠገብ ባለችው ክርያት ሞጽኪን ውስጥ፣ ከቆሻሻ ገንዳ አጠገብ የተጣለ የአልጋ እግር ቢያገኝ ቆሞ በጣቱ አንጓ ያንኳኳዋል። ድምፁን ያዳምጥና «ይኼስ ብረት ነው» ወይም «ይኼ ጣሳ ነው» ይላል። ብረት የተባለው በማግስቱ በረንዳቸው ላይ ይገኛል። ሚስቱ እናኑ ልብስ የምታሰጣበት ያጣችው በዚህ ምክንያት ነው። ስትቆጣው ብዙ ዘመን ኖራለች፤ አሁን አሁን ቁጣዋ ሰላምታ ሆኗል፤ አንድ ቀን ሳትቆጣው ብትቀር «አሞሻል እንዴ?» ብሎ የሚጠይቃት ይመስለኛል።

አመሉ የአባቱ ነው። አባቱ ማረው ልጆቻቸውን ያሳደጉት በወገራ ማረሻና ማጭድ እየሠሩ ነው። ቀን ቀን ገበሬው የዶለዶመ ማረሻውን ተሸክሞ ደጃቸው ይኮለኮላል፤ ሲመሽ ያው ገበሬ ልጆቹን «በባለእጁ ቤት በኩል እንዳታልፉ፣ ይበሏችኋል» እያለ ያስፈራራል። እንጀራው ከዚያ ቤት በወጣ ማረሻ የመጣ መሆኑን ማታ ማታ ይረሳዋል። የሰው ነገር እንዲህ ነው። ፈረደ ወናፍ ሲነፋ ያደገ በመሆኑ አንድ ነገር ከዓይኑ አልጠፋም፦ አባቱ ፍም የመሰለውን ማረሻ በጉጠት ይዘው ውሃ ውስጥ ሲከቱት፣ ውሃው ሲጮኽ፣ እንፋሎቱ ፊታቸውን ሲሸፍነው። «ብረት ካልጮኸ አልጠነከረም» ይሉ ነበር። ይህችን አባባል ያዙልኝ፤ በኋላ ጉድ የምታፈላው እሷ ናት።

ፈረደ እስራኤል ሲገባ ወጣት ነበር፤ ከመዶሻ የተገላገለ መስሎት ነበር። መጀመሪያ የሃይፋ ወደብ ላይ በፈረቃ ሲጭንና ሲያወርድ ከረመ። ከዚያ ወደቡ አጠገብ ያለ የከባድ መኪና ጋራዥ ሰው ይፈልጋል ሲባል ሄደ። የብየዳ መነጽር አጥልቆ የመጀመሪያውን ብየዳ ሲበይድና የጋለ ብረት ሽታ አፍንጫውን ሲመታው ወገራ ድቅን አለበት፤ ከዚያ ወዲህ ወዴትም አልሄደም። ደረሰን ያገኘውም እዚያው ነው። ደረሰ የጎንደር ከተማ ልጅ፣ የሞተር ሰው፣ የራሱ መጎተቻ መኪና ያለው፣ ሲናገር ቀስ የሚል፣ የሚያበሽቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ መሆኑ ነው።

የመኪናው ነገር የተጀመረው የበኩር ልጃቸው ሳጊ ሠራዊት በገባበት ዓመት ነው። አባትና ልጅ ሃይፋ አጠገብ ካለችው ከነሸር ከተማ በላይ ባለው ዳገት በእግራቸው ሲንሸራሸሩ ጂፖች ድንጋዩን እየነከሱ ሲወጡ አዩ። ሳጊ ቆሞ ተመለከታቸውና «አባ፣ አንተ ብትሠራ ከእነዚህ ይበልጣል» አለ። ልጅ ለአባቱ እንዲህ ያለ ነገር ከተናገረ በኋላ አባት እንቅልፍ ይወስደዋል? ፈረደ ሠራዊቱ በጨረታ ከሚሸጠው አሮጌ ንብረት ውስጥ አንድ ቴንደር አገኘ። ቴንደር እዚያ አገር ኋላው ክፍት የሆነውን የጭነት መኪና ይሉታል። ቀለሙ አመድ ስለሆነ ዳለቻ ብሎ ስም አወጣለት፤ ወገራ ሳሉ እንዲህ ያለ በሬ ነበራቸው። ከልጁም ጋር ቃል ተገባቡ፦ ሳጊ ረጅም ፈቃድ ሲያገኝ ዳለቻን ይዘው ሁለቱ ብቻ ወደ ደቡብ በረሃ ይወርዳሉ።

መኪናን ለድንጋይ ማብቃት ትልልቅ ጎማ መግጠም ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ትልቅ ጎማ ከባድ ነው፤ ድንጋይ ላይ ሲነክስ ግን ጉልበቱን ሁሉ የሚችለው ከኋላ ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የተዘረጋው ዘንግ ነው። የዳለቻ ዘንግ ለአስፋልት እንጂ ለዚያ አልተፈጠረም። ስለዚህ ፈረደ ከብረታ ብረት ጓሮ የከባድ ጭነት መኪና ዘንግ ጎትቶ አመጣ። ብርታት አለው፤ ግን ሰፊ ነው። ዳለቻ ሥር ቢያስገቡት ጎማዎቹ ወዲያና ወዲህ ወጥተው የአባቱን ጫማ ያጠለቀ ሕፃን አስመሰሉት። እንግዲህ መቁረጥ ሊመጣ ነው። የውጩን ቱቦ ከሁለት ወገን ቆረጠ፤ ክር ወጥሮ አስተካከለ፤ ከዚህ ጥቂት ይበይዳል፣ ይለካል፣ ዞሮ ከወዲያ ጥቂት ይበይዳል። ሙቀት ብረትን እንደሚያጣምም ያውቃልና አልቸኮለም። አካሉን የሚሸከመው ባሌስትራ የሚያርፍበትን መቀመጫ ራሱ ቆርጦ በየደ፣ ባሌስትራውን አስረዘመ፣ አካሉን ከፍ አደረገ። ይህ ሁሉ ሲሆን ደረሰ አንዲት ነቀፌታ አልወጣውም፤ ከደረሰ አፍ ይህ እንደ ምርቃት ይቆጠራል።

የተጣሉት በውስጠኛው ዘንግ ነው። እሱ ቱቦው ውስጥ የሚሽከረከረው፣ የዲፈረንሻሉን ኃይል ተቀብሎ ለጎማው የሚያደርሰው፣ ክንድ የሚያህል ድፍን ብረት ነው። ቱቦው ካጠረ እሱም ያጥራል። ደረሰ አንድ ወጥ የሆነ አዲስ እናስቀርፅ አለ። ፈረደ ግን ቆረጠው፣ ገጥሞ በየደው፣ ብየዳውን እንደገና ፍም እስኪመስል አጋለውና በርሜል ውሃ ውስጥ ከተተው። ውሃው ጮኸ። ፈረደ ደስ አለው። ደረሰ ራሱን እየነቀነቀ አሸዋ ውስጥ ቀብረህ ቀስ ብሎ እንዲበርድ መተው ነበረብህ አለ፤ ማረሻ አፈር ይቆርጣል፣ ሥራው መጠንከር ነው፤ ይኼ ግን ይጠመዘዛል፤ ትንሽ እሺ ማለት ካላወቀ ከሸክላ አይሻልም አለ። ፈረደ «የአባቴን እጅ አታቃልልብኝ» ብሎ ተቆጣና ለብዙ ቀን አኮረፈው።

አሁን ስለ ቃሉ ልንገራችሁ። በዕብራይስጥ ይህን ዘንግ «ሴረን» ይሉታል። ጋራዡ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሴረን አምጣ፣ ሴረን ውሰድ ነው። ያው ዕብራይስጥ፣ ቃል የቸገረው ይመስል፣ ሻምበሉንም «ሴረን» ይለዋል። ዳለቻ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሳጊ ሻምበል ሆነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናኑ የልጇን ስም ረሳች። ነሸር በሚገኝ የአረጋውያን ቤት ነው የምትሠራው፤ እዚያ ያሉት አሮጊቶች ሁሉ «ሴረኑ እንዴት ነው?» ብለው ሳይጠይቋት እንድትመግባቸው አይፈቅዱላትም ነበር። ቤት ስትገባም ሴረኑ ደወለ? የሴረኑን ሸሚዝ ማን ነካው? ሴረኑ የሚወደውን ቅቤ ማን ጨረሰው? ብቻ ሆነ። ፈረደም ከእሷ ይዞ ልጁን ሴረኑ ማለት ጀመረ። ባለእጅ ተብለው የተሸሹት የማረው የልጅ ልጅ ወታደር አሰልፎ የሚያዝ ሻምበል መሆኑን ባሰበ ቁጥር ቃሉን ይደጋግመዋል። ሴረኑ ቢለው ምን ይገርማል። ስለ ሌላው ሴረን፣ ስለ ብረቱ፣ እናኑ አንዲት ቀን ሰምታ አታውቅም። ዳለቻ ዓርብ ዓርብ ባሏን የሚወስድባት ጣውንቷ ስለነበር ቤቷ ውስጥ ወሬው እንዳይነሳ ከልክላለች። ጎረቤታቸው እማማ ይርገዱ ደግሞ መኪናውን አንድ ጊዜ አይተው «ይኼ ግንብ ነው፣ ግንብ ደግሞ አይሄድም» ብለው ስለሳቁ ፈረደ እሳቸው ባሉበት አያነሳውም።

አንድ ዓርብ ሳጊ ለሰንበት ልመጣ እችላለሁ፣ ላልመጣም እችላለሁ ብሎ ነበር። ሰሜን ድንበር ላይ ነው ያለው። ፈረደ ቢመጣ ዳለቻን አሳየዋለሁ ብሎ ጎህ ሲቀድ ደረሰን ቀሰቀሰ። ዳለቻን መጎተቻው ላይ ጫኑትና ከነሸር በላይ ወዳለው የድንጋይ ዳገት ወሰዱት። መጀመሪያ ወጣ። እንደ ፍየል ነው የወጣው። ፈረደ መሪውን ይዞ ብቻውን ሲስቅ ደረሰ ከታች ሆኖ አጨበጨበለት። ከላይ የሃይፋ ባሕርና የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ይታያል፤ ፈረደ አንዱንም አላየ፤ የሚያየው ቀጥሎ ያለውን ትልቅ ቋጥኝ ነው። «ተው፣ ለዛሬ ይበቃል» አለው ደረሰ። አልተወም። የኋላ ጎማው ቋጥኙን ነከሰ፣ ሞተሩ አጓራ፣ ከሥር አንድ ነገር ጧ አለ። መኪናው ባለበት ቀረ።

ከቀትር በኋላ ፈትተው ሲያወጡት ውስጠኛው ዘንግ ከመሐሉ፣ ብየዳው ጎን ላይ፣ ለሁለት ተሰብሯል። ስብራቱ እንደ ስኳር ያብረቀርቃል፤ ምንም እሺ ሳይል የተሰበረ ብረት እንደዚያ ነው የሚሆነው። ደረሰ አየው፣ «ነግሬህ ነበር» አላለም። ቢለው ይሻል ነበር።

ፈረደ ሁለቱን ስባሪ መጎተቻው ላይ አስቀመጣቸው። ሰው አንድ ነገር ሲሰበርበት የሚደውለው ለሚስቱ ነው፤ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚገባው ሰንበትም እየደረሰ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ደወለ። ያላትን እንዳለ ልንገራችሁ፦ «እናኑ፣ ሴረኑ ተሰበረ። ከወገቡ ላይ፣ ለሁለት። ምንም ማድረግ አይቻልም። እኔና ደረሰ ጭነን እናመጣዋለን። አንቺ ቤት ቆዪ፤ ለሰው እንዳትናገሪ።» እናኑ አንድ ነገር አለች፤ አልተሰማውም፤ «እሺ፣ እሺ» አላት። ስልኩም ባትሪው አልቆ ጠፋ። «የመኪናው» የምትል አንዲት ቃል ቢጨምር ምን ነበረበት? ግን ምላሱ ጋራዥ ለምዷል። ለሰው እንዳትናገሪ ያለውም ይርገዱን ፈርቶ ነው።

ጋራዡ ለሰንበት ስለተዘጋ ዳለቻን ይዘው ወደ ቤት ሄዱ። ሰው እንዳያይበት ፈረደ ከላይ እስከ ታች ሸራ አለበሰው። 

ከሰፈር ሲደርሱ ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ሕንፃቸው በር ላይ ሰው ቆሟል። ወንዶቹ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው አጥሩን ተደግፈዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ፈረደ የሰው ለቅሶ መስሎት «የማን ቤት ይሆን?» አለ።  መጎተቻው ሲቆም፣ ከላዩ ሸራ የለበሰ ነገር ሲታይ፣ ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ዋይታቸውን አቀለጡት። ሬሳ እንደ ቤት ይተልቃል እንዴ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ኀዘን ሲመጣ ዓይን አይለካም።

ፈረደ ወረደ። ሁለት ሰዎች መጥተው ክንዱን ያዙት። ምን ሆናችሁ ቢላቸው «አይዞህ» አሉት። ማን ሞተ ቢላቸው ፊታቸውን አዞሩ። የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ባየህ መጡና ቀስ ብለው «መጀመሪያ ቁጭ በል፣ ልጄ» አሉት።

በእኛ ዘንድ ሞት እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌ ይላካል፤ ሰውየው ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ትንሽ አሞታል ይባላል፤ ከዚያ ጠንቶበታል ይባላል፤ መርዶው የሚወጣው ዙሪያው በሰው ከታጠረ በኋላ ነው። ፈረደ ይህን ያውቃል፤ እሱም ለስንት ሰው እንዲሁ ሄዶ ተቀምጧል። ስለዚህ «ቁጭ በል» ሲባል መርዶው የራሱ መሆኑ ገባው። ወዲያው ከውስጥ የእናኑን ድምፅ ሰማ። «ሴረኔ፣ ሴረኔ፣ እንግዲህ ማን ብዬ ልጥራህ» ትላለች።

 መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጄ ሲሞት እኔ ተራራ ላይ በመኪና እጫወት ነበር አለ በልቡ። የመጀመሪያውን ዳገት ሲወጣ የሳቀው ሳቅ ትዝ አለውና ራሱን ጠላው። ሳጊ «አንተ ብትሠራ ይበልጣል» ያለው ጊዜ ከንፈሩ ላይ የነበረችው ፈገግታ እንኳ ታየችው። ማልቀስ ፈለገ፣ እንባው እምቢ አለው። አንዲት ጥያቄ ብቻ ወጣችው፤ «መቼ?» አላቸው አባ ባየህን።

አባ ባየህ ግራ ተጋቡ። «መቼ ትለኛለህ እንዴ? አንተው አይደለህም የደወልክላት?»

«እኔ? ምን ብዬ?»

«ሴረኑ ከወገቡ ለሁለት ተሰበረ፣ ጭነን እናመጣዋለን፣ ለሰው እንዳትናገሪ ብለህ ነዋ። ሠራዊቱ ላንተ ነግሮህ ነው ብለን…»

ፈረደ «ሴረኑ» ብሎ ደገመው። ቃሉ እየዞረ፣ እየዞረ ገባው። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ ነው የመጣው፤ ሊያቆመው አልቻለም፤ ያልወጣው እንባም አብሮት ወጣ። ለቅሶ ቤት የሚስቅ ሰው አበደ ማለት ነው። እማማ ይርገዱ ውሃ ይዘው ሮጠው ራሱ ላይ አፈሰሱበት። ከመጎተቻው አጠገብ የቆመው ደረሰ፣ እንደ አመሉ ቀስ ብሎ፣ «የተሰበረው የመኪናው ነው» አለ። ይህም አልረዳም። እማማ ይርገዱ ደረታቸውን መቱ። «መኪና ነው የገለበጠው! መኪና ነው ልጁን የበላው!» አሉ፤ ዋይታው እንደ አዲስ ተነሳ።

እናኑ በሰው ተደግፋ ወጣች። ፊቷ አብጧል። ፈረደ ተነስቶ ሄደና ልጃችን አልተነካም፣ የተሰበረው ብረት ነው፣ ብረቱም ሴረን ነው የሚባለው አላት። እናኑ ትክ ብላ አየችው። ተሰብስቦ ያለው ሰው ሁሉ ያንኑ ነው ያሰበው፤ መጀመሪያ እንዲህ ይባላል፣ ትንሽ ነው ይባላል፣ ሌላ ነገር ነው ይባላል። ማጽናኛ የለመደ ጆሮ እውነት ቢነግሩትም አይቀበልም።

«ፈረደ» አለች፤ «አትሸንግለኝ። ያመጣኸውን አሳየኝ።»

ፈረደ መጎተቻው ላይ ወጥቶ ሸራውን ገፈፈው። ዳለቻ፣ ያ ግንብ የተባለው፣ ወጣ። ከጭነቱ ላይ ሁለቱን ስባሪ አንሥቶ ወረደና፣ እናኑ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስለነበር፣ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። ነጠላዋ በቅባት ጠቆረ። እሷ አላየችውም። በጣቷ ስብራቱን ዳሰሰችው፤ አንዱን ከሌላው ገጠመችው፤ ገጠመ።

«ይኼ ብረት ነው» አለች።

«ብረት ነው።»

«ይኼ ነው ሴረኑ?»

«እሱ ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«ሳጊስ?»

ልጇን በስሙ ከጠራችው ስንት ጊዜ ሆኗታል። ፈረደ ስለ ሳጊ አንዲት ቃል እንዳልተናገረና የሚያውቀውም ነገር እንደሌለ ነገራት። በደረሰ ስልክ ደወሉለት፤ የሳጊ ስልክ ዝግ ነው። እንግዲህ ያን ሰዓት አስቡት። ለቅሶው ቆሟል፤ ደስታው አልገባም። ሰው ማልቀስም መሳቅም አልቻለም፤ ሰንበት እየቀረበ ነው፤ ማንም ግን ንቅንቅ አላለም። እናኑ ሁለቱን ብረት እንደታቀፈች መንገዱን ታያለች። ፈረደ አጠገቧ ተቀምጦ ከማያውቀው ነገር ሁሉ ጋር ይሟገታል፤ ቃሉ ስህተት ቢሆንም ልጁ ድንበር ላይ መሆኑ ስህተት አይደለም። እሷ እጁን አልያዘችውም፤ እሱም ሊይዛት አልደፈረም።

ሳጊ ከመንገዱ ጫፍ ብቅ አለ። ቦርሳውን ባንድ ትከሻው አንጠልጥሏል፤ ደክሞታል፤ አቧራ ለብሷል። አውቶቡስ ውስጥ ሊተኛ ስልኩን ዘግቶት ሳይከፍተው ረስቶታል። ሰዉን ሲያይ እርምጃውን ፈጠን አደረገ። እየቀረበ ሲመጣ በዕብራይስጥም በአማርኛም «ማ ካራ? ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?» አለ፤ ዓይኑ አባቱንና እናቱን እየፈለገ።

ሁሉም ወደ አባ ባየህ ዞረ። በሕይወታቸው ስንት መርዶ በዘዴ የነገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ለዚህ ግን ዘዴ አጡለት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንተ ነበርክ፣ ልጄ» አሉት።

እናኑ አልሮጠችም። ብረቱን መሬት ላይ አስቀምጣ ቀስ ብላ ተነሳች። ፊቱን ዳሰሰችው፤ ጆሮውን፣ ትከሻውን፣ ክንዱን፤ ወገቡን ሁለት ጊዜ ዳሰሰችው። ከዚያ በቅባት በጠቆረ እጇ ትከሻውን መታችው። «ስልክህን ለምን ዘጋህ?» አለችና ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ያኔ ነው ነገሩ ያበቃው። አጥሩን የተደገፉት ወንዶች ሳይቀሩ ዓይናቸውን ጠረጉ። ፈረደ እፎይ አለ። በሕይወቱ ብዙ ነገር ተሰብሮበታል፤ በተሰበረ ነገር እንዲህ ደስ ያለው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ሰዉ ለለቅሶ ያመጣውን ምግብ ይዞ የት ይሄዳል? ሁሉም ገባ። እማማ ይርገዱ ቸኩለው የቀቀሉት ንፍሮ ለሰንበት ማዕድ ቀረበ፤ ሳጊም ርቦት ስለነበር ስለ እሱ መሞት የተቀቀለውን ንፍሮ በእፍኝ በእፍኝ ዘገነ። «የራሱን ንፍሮ የበላ ሰው ዕድሜው ይረዝማል» አሉ እማማ ይርገዱ። ይህን ከየት እንዳመጡት አላውቅም፤ እናኑ ግን ወዲያው አመነቻቸውና አንድ ሳህን ጨመረችለት። ፈረደ ደረሰን አጠገቡ አስቀምጦ አሸዋ ውስጥ መቅበር ነበረብኝ አለው። ደረሰም አባትህ አልተሳሳቱም፣ እሳቸው ማረሻ ነበር የሚሠሩት አለው። ፈረደ ይህን ሲሰማ ከንግግሩ ሁሉ ይህ ደስ አሰኘው፤ ለካስ ያኮረፈው ይህችን ቃል ፈልጎ ነበር።

ሰንበት ካለፈ በኋላ እናኑ ለቤቷ ሕግ አወጣች። ሴረን የሚባል ቃል ከደጃፉ ወዲህ እንዳይገባ። ልጁ ሳጊ ነው፤ ብረቱ ዘንግ ነው። ፈረደ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ሲደውልላት፣ ሌላ ቃል ከአፉ ሳይወጣ፣ መጀመሪያ «ሳጊ ደህና ነው» ይበል። ፈረደ እንደ ቀልድ አየው፤ እሷ አልቀለደችም። ቲማቲም ልግዛ ወይስ አልግዛ ብሎ ሲደውልም «ሳጊ ደህና ነው፣ ቲማቲሙ ተወዷል» ይላል። ጋራዡ ውስጥ ሁሉም ይስቅበታል። ከስባሪው አንዱን እናኑ አልሰጥም ብላ ወስዳ የበረንዳዋን በር ታግድበታለች፤ በረንዳው ላይ ያለው ብረት ሁሉ ተጠርጎ ሲጣል እሱ ብቻ ቀርቷል።

አዲሱ ዘንግ አንድ ወጥ ሆኖ ተቀረፀ፤ ጥርሱ በማሽን ወጣ፤ ብየዳ የሚባል አልነካውም። የተለወጠ መኪና የሚያጸድቀው መሐንዲስም ሥሩ ገብቶ አይቶ ፈረመበት። ሳጊ ረጅም ፈቃዱን ሲያገኝ ወደ በረሃው ከመውረዳቸው በፊት በዚያው በነሸር ዳገት እንሞክረው አለ። መሪውን ልጁ ያዘ፤ ፈረደ ጎኑ ተቀመጠ። ያ ቋጥኝ ሲደርስ ፈረደ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጆሮውን ግን ከፈተ፤ ከሥር የሚሰማው የሚጠመዘዝ ብረት ድምፅ ነው፤ እሺ የሚል፣ የሚመለስ። ዳለቻ ወጣ። ከላይ ቆሙ። ሳጊ እየሳቀ ትከሻውን መታው።

ፈረደ ወርዶ እዚያው ድንጋይ ላይ ወጣና ለእናኑ ደወለ።

«ሳጊ ደህና ነው» አላት።

 እናኑ የዚያን መኪና ነገር አንድ ቀን እንኳ አንስታ አታውቅም ነበር።

«እሺ» አለች፤ «ዘንጉስ?»